እጄ ላይ ቁስል ነበረኝ፤ 19 ቀን ሆነኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ

የሐይቅ ዳር ልጅ
የካቲት 6፣ ከሌሊቱ 8፡40

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ክፍል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ኤች አይ ቪ ይዞኝ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

27 ዓመቴ ነው። ባህር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለትኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ጀልባው ያመጣውን ሁሉ። እጄ ከቢላና ከዓሣ እሾህ ተርፎ አያውቅም። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው።

ጥር 17 የጓደኛዬ ሰርግ ነበር። ሚዜ ነበርኩ። ማታ ጭፈራው ሲበርድ እዚያው ከተዋወቅኳት ልጅ ጋር ወደ አንድ ማረፊያ ሄድን። ጠጥተናል፤ ግን ሁለታችንም ራሳችንን እናውቅ ነበር። ለረጅም ሰዓት ተሳሳምን። በእጅም ተነካካን፤ እሷ እኔን፣ እኔ እሷን። ኮንዶም አልያዝንም ነበር። "ከሌለ ይቅር" ያለችው እሷ ናት። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ጠዋት ቡና ጠጥተን ተለያየን።

ችግሩ ጣቴ ነው። ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን የቀረሶ እሾህ ቀኝ አውራ ጣቴን ወግቶኝ ነበር። ደሙ ያኔውኑ ቆሟል። ግን ቁስሉ አለ። የነካኋት በዚያው እጅ ነው።

እስከ ሦስተኛው ቀን ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። አሁን ጉሮሮዬን ያመኛል። አንገቴ ሥር ዕጢ ያበጠ ይመስለኛል። ምላሴ ነጭ ሆኗል። ሽንቴን ያቃጥለኛል፤ ቶሎ ቶሎም ይመጣል። ሱሪዬ ሰፍቶኛል። በአምስተኛው ቀንና በዐሥራ አራተኛው ቀን ሁለት ቦታ ተመርምሬ ነፃ ነህ ተብያለሁ። አላመንኩም። ጠዋትና ማታ በረኪና በውሃ በጥብጬ ሰውነቴን እታጠባለሁ።

ቤት ውስጥ የራሴን ኩባያና ፎጣ ለይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው። እየሮጠች መጥታ ስታቅፈኝ ፊቴን አዞራለሁ። እናቴ ይህን አይታ አለቀሰች። ጸበል አምጥታ ከራስጌዬ አስቀመጠችልኝ። ምን እንደሆንኩ ግን አልጠየቀችኝም።

እጮኛ አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ልንጋባ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች። ያ ወረቀት በሕልሜ ሁሉ ይመጣብኛል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።


ባለ ባጃጅ
የካቲት 6፣ ከጠዋቱ 1፡05

አይዞህ ወንድሜ። እኔም ደርሶብኝ ያውቃል። ሽንት ካቃጠለህ ጨብጥ ነው። ፋርማሲ ሂድና ሲፕሮና ዶክሲ ግዛ። አምስት ቀን ዋጥ፣ ይለቅሃል። ለማንም መናገር አያስፈልግህም።


ነጭ ጋውን
የካቲት 6፣ ከጠዋቱ 3፡20

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ። በምክርና ምርመራ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መጀመሪያ መልሱን ልስጥህ። በነገርከን ነገር ኤች አይ ቪ አይያዝህም። መሳሳም አያስተላልፍም። በእጅ መነካካት አያስተላልፍም። አንተ ክፍሌ መጥተህ ይህንኑ ብትነግረኝ፣ ለዚያች ሌሊት ብዬ ምርመራ አላዝልህም ነበር።

አሁን ስለ ጣትህ። ቫይረሱ የሚገኘው በደም፣ በወንድ የዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልትና በፊንጢጣ ፈሳሽ፣ በጡት ወተት ውስጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ ወደ ሰውነትህ ውስጥ መግባት አለበት። ቆዳ ትልቅ አጥር ነው። እሾህ የወጋው ጣት ደሙ ከቆመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይዘጋል። በማግስቱ ማታ የነበረህ የደረቀ ነጥብ ነው። በዚያ በኩል የሚገባ ነገር የለም። ቫይረሱም አየር ሲነካውና ሲደርቅ አቅም ያጣል። የሚያሳስበኝ ደሙ ገና እየፈሰሰ ያለ ክፍት ቁስል የሌላ ሰው ትኩስ ደም ቢነካው ነበር። አንተ የነገርከን ይህን አይደለም።

በረኪናውን ዛሬ አቁም። በጣም ነው የምለምንህ። ሽንትህን የሚያቃጥልህ እሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ስስ ቆዳ በረኪና አይችልም። ይቆጣል፣ ይላጣል፣ ሽንት ሲነካው ይለበልባል። አንተ ደግሞ ማቃጠሉን ስታይ በሽታ መሰለህ፣ አጠናክረህ ታጠብክ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ተጠቀም። ውሃም ጠጣ። በሳምንት ካልተሻለህ የሽንት ምርመራ አድርግ።

ዕጢውንም እየነካካህ ነው አይደል? አንገት ሥር ያለውን ዕጢ በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚጫን ሰው ያብጥበታል፣ ያመዋልም። ጭንቀት አፍ ያደርቃል፣ ምላስ ያነጣል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ እንቅልፍና ምግብ ይከለክላል። ሱሪህ የሰፋው ስላልበላህ ነው።

ባለ ባጃጅ ወንድሜ፣ ልብህ ደግ ነው፤ ምክርህ ግን ይጎዳዋል። ሲፕሮን ጨብጥ በብዙ ቦታ ተላምዶታል። ሰው ሳይመረመር በዘፈቀደ በዋጠ ቁጥር መድኃኒቱ ለሁላችንም እየደከመ ይሄዳል። ዶክሲ ደግሞ በትንሽ ውሃ ተውጦ ወዲያው ከተተኛበት ጉሮሮ ያቆስላል። ጉሮሮውን የሚያመውን ልጅ ጉሮሮ የሚያቆስል መድኃኒት አንሰጠውም።


ባለ ባጃጅ
የካቲት 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሲስተር ይቅርታ። እኔ በራሴ ያየሁትን ነው የነገርኩት። ያኔ ለነገሩ አልተመረመርኩም፤ ፋርማሲ ያለው ልጅ ነው የሰጠኝ። ምን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም።


የሐይቅ ዳር ልጅ
የካቲት 6፣ ከቀኑ 7፡30

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ሦስት ጥያቄ አለኝ፣ አይሰልቹብኝ።

በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መድኃኒት አለ ይላሉ። አመለጠኝ ማለት ነው? ሁለተኛ፣ በምራቅ የሚሠራ ምርመራ እንዳለ አይቻለሁ። ምራቅ ውስጥ ከሌለ እንዴት በምራቅ ይመረመራል? ሦስተኛ፣ ሁለቱ ምርመራዎቼ ዋጋ የላቸውም?


ነጭ ጋውን
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 1፡15

አልሰለችም።

መድኃኒቱ አላመለጠህም፤ መጀመሪያም ያንተ አልነበረም። ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የሚሰጠው እውነተኛ መጋለጥ ለደረሰበት ሰው ነው። በመርፌ የተወጋ የጤና ባለሙያ፣ የተደፈረች ሴት፣ ኮንዶም የተቀደደበት ሰው። በሁለተኛው ቀን መጥተህ ብትለምነኝም ለመሳምና ለመነካካት አልጽፍልህም ነበር።

የምራቁ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በአፍ የሚሠራው መመርመሪያ ቫይረስ አይፈልግም። ሰውነት ቫይረሱን ሲያይ የሚሠራውን ፀረ አካል ነው የሚፈልገው። ድድን የሚጠርጉትም ለዚያ ነው። ፀረ አካል ማንንም አያስይዝም።

ምርመራዎችህ ዋጋ አላቸው፤ ግን በእርግጠኝነት የሚናገሩት ከምርመራው ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ሕይወትህ ነው። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ፀረ አካልን ነው። ያ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጨረሻው መጋለጥ ሦስት ወር ሲሞላ የሚወጣው ውጤት ነው የመጨረሻ የሚባለው። ቫይረሱን ራሱን ጭምር የሚያይ፣ ከክንድ ደም ተወስዶ ላብራቶሪ የሚሠራ ምርመራ ደግሞ በ45 ቀን ይበቃዋል። በእኛ አቆጣጠር ለመቁጠር አይከብድም፤ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ነው። ከጥር 17 ተነሥተህ 45ኛው ቀን መጋቢት 2 ነው። ሦስት ወሩ ሚያዝያ 17።

ልብህ እንዲያርፍ ከፈለግህ መጋቢት 2 አንድ ጊዜ ተመርመር። እስከዚያ ማንም ጋ አትመርመር። ቃል ግባልኝ።


ደንገል
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 2፡50

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ አንተን ሳነብ ራሴን አየሁ። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ዘጠኝ ጊዜ ተመርምሬያለሁ። ዘጠኝ። የኔው በኮንዶም ነበር፣ ኮንዶሙም አልተቀደደም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፣ ፔዳ ግቢ።

አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ከሄድኩ በኋላ አፈርኩና ሌላ ሄድኩ። ቀጥሎ ሌላ። ምሳ እየዘለልኩ ለምርመራ ከፈልኩ። ነፃ ነህ ሲሉኝ ደስታው የሚቆየው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን "ዕቃው አርጅቶ ቢሆንስ? ስሜን ከሌላ ሰው ጋር አሳስተውት ቢሆንስ?" እላለሁ። እንደገና እሄዳለሁ።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ትኩሳት ያዘኝ። አንቀጠቀጠኝ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። በቃ መጣ ብዬ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። የክፍል ጓደኛዬ በግድ ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ወባ ነበር። የባህር ዳር ሰው ሆኜ፣ ክረምት አልፎ ትንኙ በሚበዛበት ወር፣ ወባ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም! በአንድ ነገር ብቻ ስለተያዝኩ ሌላ በሽታ ያለ መሆኑን ረስቼ ነበር። ያን ቀን ሰው ባይኖረኝ ኖሮ ኤች አይ ቪ ሲሉኝ እየጠበቅሁ በወባ እሞት ነበር።

ያዳነኝ ዐሥረኛ ምርመራ አይደለም። አንድ አማካሪ ጠየቀችኝ። "ለምንድን ነው መታመም የሚገባህ የሚመስልህ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ያደግኩት ዲያቆን አባት ቤት ነው። ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ቅጣት እየጠበቅሁ ነበር። ቅጣቱ ሲዘገይብኝ እኔው ፍለጋ ሄድኩ።


ጣና ቂርቆስ
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 4፡10

(ይህ መልስ በአስተናባሪው ተነሥቷል።)


አስተናባሪ
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 4፡25

ወገኖች፣ ጥር 17 የማን ሰርግ እንደነበረ፣ ልጅቷም ማን እንደሆነች ለመገመት አትሞክሩ። ከተማችን ትንሽ ናት። እሷም እህት፣ እናት፣ ሥራ አላት። የሚደግም ሰው ከመድረኩ ይወጣል።


ፀሐይ ወጣች
የካቲት 7፣ ከጠዋቱ 2፡30

አስተናባሪው ተባረክ።

እኔ ቫይረሱ በደሜ ያለ ሴት ነኝ። ባህር ዳር ነው የምኖረው። ይህን ክር ሌሊት አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሐይቅ ዳር ልጅ፣ አልተቆጣሁህም። ግን አንድ ነገር እንድታይ እፈልጋለሁ።

ኩባያህን ለየህ። ፎጣህን ለየህ። ከሕፃኗ ፊትህን አዞርክ። አንተ ይህን ያደረግኸው በራስህ ላይ ነው። በእኔ ላይ ያደረጉት ሌሎች ነበሩ። 2001 ዓ.ም. ሲነገረኝ አብራኝ የምትኖር ዘመዴ ሰሃኔን ለይታ አስቀመጠችው። አሁንም ድረስ ቀለሙ ይታወሰኛል፤ ሰማያዊ ነበር። በሰሃን አይተላለፍም። በመሳምም፣ በፎጣም፣ በሽንት ቤትም፣ በወባ ትንኝም አይተላለፍም። ይህን ከሃያ ዓመት በላይ ሲነገረን ኖረናል፤ ፍርሃት ሲመጣ ግን ሁሉም ከጭንቅላት ይጠፋል።

እኔ በቀን አንዲት ኪኒን እውጣለሁ። መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ነው። በደሜ ያለው የቫይረስ መጠን ሲለካ አይታይም። ባሌ ነፃ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ልጆቼን ቀኑን ሙሉ እስማቸዋለሁ። መጠኑ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶችን ለዓመታት ተከታትለው ያረጋገጡት ነገር ነው።

ስለዚህ ያቺ ልጅ እንደኔ ብትሆን እንኳ፣ አንተ ከእሷ ምንም አትወስድም ነበር። ደግሞ ኮንዶም ከሌለ ይቅር ያለችው እሷ ናት። ስለ እሷ ስትጽፍ ይህን አስብላት።


የሐይቅ ዳር ልጅ
የካቲት 7፣ ከቀኑ 6፡10

እህቴ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ሰማያዊ ሰሃን ያልሽው አንጀቴን በላኝ። ኩባያዬን መልሼ ከቤቱ ዕቃ ጋር ቀላቀልኩት። እናቴ አይታኝ ምንም አላለችም፤ ሻይ ቀዳችልኝ።


ዘጌ ቡና
የካቲት 7፣ ከቀኑ 9፡40

ሲስተርን ልጠይቅ። እኔ ሴት ነኝ። የሳምኩት ልጅ ከንፈሩ ዳር ቁስል ነበረው። ምች ነው አለኝ። ከሳምንት በኋላ እኔም ወጣብኝ። እናቴ ፀሐይ ላይ ስለቆየሁ ምች መትቶኛል ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ነገሩ ያ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነው?


ነጭ ጋውን
የካቲት 7፣ ከምሽቱ 2፡05

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ያፍርበታል፤ የሚያሳፍር ግን ምንም የለበትም።

ከንፈር ዳር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ ኋላ የሚፈርጠውና ቅርፊት የሚሠራው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው። በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በታች ካሉ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላቸው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ዘመድ ሲስመን ነው የያዘን። አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት ሲመጣ ይነሣል። እናትሽ ፀሐይ ያሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ፀሐይ የተኛውን ይቀሰቅሰዋል። ቁስሉ በሳምንት፣ በዐሥር ቀን ራሱ ይድናል። ቁስሉ ባለበት ጊዜ ሰው አትሳሚ፣ በተለይ አራስ ሕፃን። ከአፍ ወደ ብልትም ሊተላለፍ ስለሚችል ያኔ ከዚያም መቆጠብ ነው። ቁስሉን ከነካሽ ደግሞ ዓይንሽን ሳትነኪ እጅሽን ታጠቢ።

ከዚህ ጋር ለሁላችሁም ልጨምር። በቆዳና በቆዳ መነካካት የሚተላለፉ አሉ። ሄርፒስ፣ የብልት ኪንታሮት የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ፣ ቂጥኝ። እነዚህ ብልት ከብልት ወይም ቁስል ከስስ ቆዳ ሲገናኝ ነው በብዛት የሚተላለፉት። ቂጥኝ ሲጀምር የማያም አንድ ቁስል ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት አካባቢ፣ ሲዘገይ እስከ ሦስት ወር። ስለማያም ሰው ይንቀዋል። በደም ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን ይድናል። ጨብጥ ቸኩሎ በሳምንት ውስጥ ይታያል። ክላሚዲያ ግን በሴት ላይ በተለይ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። በእጅ ብቻ በመነካካት እነዚህን የመያዝ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ መጋቢት 2 ስትሄድ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራም አብረህ አሠራ። ለዚያች ሌሊት አይደለም። ልታገባ ነው፣ በቀንም በቢላ የምትቆረጥ ሰው ነህ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ነው፣ በደም ከኤች አይ ቪ በበለጠ ቀላል ሆኖ ይተላለፋል። ክትባት አለው። የምትሠሩበትን ቢላ ስትዋዋሱ ደም ካለበት አጥባችሁ ይሁን።


የድሮ መምህር
የካቲት 8፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጄ፣ እኔ ያን የክፉ ዘመን አስታውሳለሁ። በ1980ዎቹ በየሳምንቱ ቀብር ነበር። ሰው "በሳንባ ነው" ይል ነበር እንጂ ስሙን አይጠራም። የክፍሌ ተማሪዎች አንድ በአንድ እናትና አባታቸውን አጡ። መድኃኒት አልነበረም። ያን ያየ ሰው ልጆቹን በማስፈራራት አሳደገ። አሁን ሳስበው፣ ይህን የምትፈራውን ፍርሃት ያወረስናችሁ እኛ ነን። የተማራችሁት ከፖስተር ላይ ካለው አጥንት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንተ በሽታ የለህም። የደበቅኸው ሌላ ነገር አለ። ለእጮኛህ ልትነግራት ይገባል ባይ ነኝ።


ዘጌ ቡና
የካቲት 8፣ ከረፋዱ 4፡30

መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። ምንም የማይተላለፍበት ከሆነ እሷን ለምን ያስጨንቃታል? እሱ ሸክሙን ለማቅለል ብሎ እሷ ላይ ይጭነዋል።


ደንገል
የካቲት 8፣ ከቀኑ 7፡00

እኔ ሁለታችሁም የተለያየ ነገር የምታወሩ ይመስለኛል። ስለ ጤና ከሆነ የመንገር ግዴታ የለበትም፤ ሲስተር ነግራናለች። ስለ ትዳር ከሆነ ግን ጥያቄው የምርመራ አይደለም። ሱሪው ሰፍቶት፣ ከሕፃን ፊቱን አዙሮ ግንቦት ላይ ሊያገባ ነው። ልጅቷ የማታይ መስሎታል? አንድ ነገር እንዳለ አውቃለች። ምን እንደሆነ ካልነገራት የባሰ ነገር ታስባለች።


ፀሐይ ወጣች
የካቲት 8፣ ከምሽቱ 3፡20

እኔ ለባሌ ከመጋባታችን በፊት ነግሬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። የኔና ያንተ አንድ አይደለም፤ ብቻ ከፍርሃት አትንገራት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አትንገራት። መጀመሪያ ተኛ፣ ብላ፣ ሰው ሁን። ከዚያ ከፈለግህ ንገራት።


የሐይቅ ዳር ልጅ
የካቲት 17፣ ከምሽቱ 1፡40

ዘገየሁ፤ ስልኬ ላይ የነበረውን መፈለጊያ አጥፍቼ ነበር።

በረኪናውን ካቆምኩ በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ። ምንም መድኃኒት አልዋጥኩም። ዕጢውን ላለመንካት ስሠራ ጓንት አደርጋለሁ፤ ከሥራ በኋላ መረብ እጠግናለሁ። ሌሊት ሲመጣብኝ ሲስተር የጻፉትን መልሼ አነባለሁ፣ አዲስ አልፈልግም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ተኝቻለሁ።


የሐይቅ ዳር ልጅ
መጋቢት 4፣ ከቀኑ 10፡15

ከትናንት በስቲያ ሄድኩ። ከክንዴ ነው የወሰዱት። ዛሬ ውጤቱን ሰጡኝ። ኤች አይ ቪ ነፃ። ቂጥኝ ነፃ። የጉበት ቢ ነፃ። የጉበት ክትባት የመጀመሪያውን ወሰድኩ፤ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስት ወር ነው ብለውኛል።

ከክሊኒኩ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ሕፃኗ በር ላይ ነበረች። አንሥቼ ሳምኳት። ጢሜ ወጋት መሰለኝ አለቀሰች። እህቴ ሳቀች፣ እናቴ ግን ጓዳ ገባች።


ነጭ ጋውን
መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 1፡00

እልል ብያለሁ። ላንተ ይህ በቂ ነው። ከእጮኛህ ጋር ለወረቀቱ የምትመረመሩት የሁለታችሁ ነው፤ ያን ከጥር 17 ጋር አታገናኘው።


የሐይቅ ዳር ልጅ
ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ 2፡30

አብረን ተመርምረን ወረቀቱን ተቀብለናል። ከዚያ በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነገርኳት። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ነበር። አራት ቀን አላናገረችኝም። በአምስተኛው ቀን ደውላ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ምን እንደጠየቀችኝ እዚህ አልጽፍም። ሰርጉ ወደ ሰኔ ተገፍቷል።


ፖሊ ግቢ
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 3፡45

ሰላም። ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። የኔ ግን ሌላ ነው። ትናንት ማታ ኮንዶሙ ተቀደደ። እስከ መጨረሻው አላወቅንም። እሷንም ከዚያ በፊት አላውቃትም። እኔም ዝም ብሎ ጭንቀት ነው ብዬ ልተው?


ነጭ ጋውን
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 3፡52

አትተው! የአንተ ከእሱ ይለያል። 72 ሰዓት አላለፈህም፤ ግን ሰዓት በጨመረ ቁጥር የመድኃኒቱ ጥቅም ይቀንሳል። ነገ ጠዋት አትበል። አሁን ተነሥ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድና ኮንዶም ተቀዶብኝ ነው፣ ከመጋለጥ በኋላ የሚወሰደውን መድኃኒት እፈልጋለሁ በል። አትፈር፣ አታሳጥር፣ ሰዓቱን በትክክል ንገራቸው። ልጅቷን የምታገኛት ከሆነ እሷም ትምጣ፤ ለእርግዝና መከላከያውም ጊዜ አለው።


ፖሊ ግቢ
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 3፡55

በዚህ ሰዓት ትራንስፖርት የለም።


ባለ ባጃጅ
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 3፡57

አለ። የትኛው በር ጋ ነህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሂሳብ አልፈልግም።


የሐይቅ ዳር ልጅ
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 4፡01

እኔም እመጣለሁ። ብቻህን ወረፋ አትጠብቅም።


ፖሊ ግቢ
ሚያዝያ 24፣ ከሌሊቱ 6፡35

የመጀመሪያውን ዋጥኩ። ለ28 ቀን ነው፣ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ ብለውኛል። ልጅቷም ደውዬላት መጥታ ነበር። አሁን ባጃጅ ላይ ነን።